ገመዱና እንዝርቱ

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለእንዳላማው፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከሉማሜ፣ አውቶቡሱ ሁሉ አቧራውን ከሚያራግፍበት ደጃፌ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከረምህ? ጤናህስ? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብህ ሳል ዘንድሮስ ማረህ? ሥራነሽ እንዴት ናት፣ ወገቧ ተሻላት? ልጃችሁ አመተ ሥላሴስ የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች ወይስ ገና ነች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልህ እንደ ደብዳቤ ወግ ቆጥረህ አትለፈው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤው ደኅና ነኝ እያልሁ ዋሽቼሃለሁ፤ የዛሬው ግን እውነቴን ነው።

አባታችን ካረፉ ወዲህ የቤቱ ራስ አንተ ነህና አንቱ ልልህ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር። አፌ አልለምድ አለ። ከጓሮ ግድግዳችን ላይ በከሰል ሀሁ እየጻፍህ ፊደል ያስቆጠርኸኝ፣ ስሳሳት በጆሮዬ የምትጎትተኝ አንተ ነህ፤ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አድርጌ አንቱ ልበለው? እንግዲህ በዚህ ደብዳቤ የምትቆጣበት ቃል ካገኘህ፣ መጻፍ ማን አስተማራት ብለህ ራስህን ጠይቅ።

በኅዳር ወር ለአጎታችን ለአቶ ባምላኩ የላክኸው ደብዳቤ ደርሷል። አጎታችን ፊደል እንደማይለዩ ረሳኸው መሰለኝ። ደብዳቤውን በኩታቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ሻይ ቤቴ መጡና፣ እስቲ ልጄ፣ የወንድምሽን ቃል አሰሚኝ አሉኝ። እኔም ቆሜ አነበብሁላቸው። አይናዲስን ልክፍት ይዟታልና የእህታችን የወለላ ሰርግ ሳይደርስ ሻይ ቤቷ ይዘጋ፤ እምቢ ካለችም በገመድም ቢሆን ታስራ ጠበል ትግባ፤ በአማቾቻችን ፊት ወድቃ እንዳታዋርደን ይላል። አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ፊርማህንም ሳይቀር አነበብሁላቸው።

አጎታችን ጢማቸውን አሻሹ። በኋላ፣ ያለውን ነው ያነበብሽው ወይስ ከራስሽ ጨመርሽበት? አሉኝ። ከራሴ ብጨምር ኖሮ እንዲህ ያለውን አልጨምርም ነበር አልኋቸው።

እምቢ ብያለሁ፣ ወንድሜ። ጠበሉን ንቄ አይደለም። ባለቤቴ አቶ ያለው በሞተ በሦስተኛው ወር በገዛ እግሬ ሄጄ ሁለት ሱባዔ ተጠምቄአለሁ፤ እንቅልፌን የመለሰልኝ እሱ ነው፣ ስሙ ይክበር ይመስገን። እኔ እምቢ ያልሁት ገመዱን ነው።

ያለው የሞተበትን ዕለት አንተ በሰው አፍ ነው የሰማኸው፤ ከእኔ አፍ ጠይቀኸኝ አታውቅም። በ1962 ዓ.ም. በጥር ወር ቁይ ከተማ አጠገብ የዘመድ ሰርግ ተጠርተን ሄድን። ሙሽራዋ ስትገባ ሚዜዎቹ እንደ ወጉ ዳሱ ውስጥ ተኮሱ። ደርቤ የሚባለው ሚዜ ምንሽር ጠመንጃውን ወደ ላይ ሲያነሣ እርጥቡ ጉዝጓዝ አዳለጠውና ጥይቱ ወደ እኛ ዞረ። ያለው ከጎኔ ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር። እልልታው ሳይቋረጥ ነው የሞተው። ሴቶቹ ያው የደስታው ተኩስ መስሏቸው እልል ማለታቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ራሴ ደሙ ቀሚሴን እስኪነካው ድረስ እልል እል ነበር። ለሰርግም ለለቅሶም የሚተኮሰው ያው አንድ ተኩስ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ጆሮዬ ሁለቱን መለየት አቃተው። ከደርቤ ጋር ሽማግሌ ገብቶ፣ በመስቀል ፊት ታርቀናል። ጆሮዬን ያስታረቀው ግን ሰው አልነበረም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? የእኔ ልጥ ብዙ ነበር። የበር መጠርቀም፣ ምጣድ ላይ የሚፈነዳ ሽምብራ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት የምትወጣው ያቺ ጧ የምትል ድምፅ። ሻይ ቤት ከፍቶ ጠርሙስ መክፈት የሚፈራ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ደንበኞቼ አዝነውልኝ ጠርሙሳቸውን ደጅ ወጥተው ከፍተው ይመለሱ ነበር።

አንተም አዝነህልኛል፣ አልክድም። ለሕክምና ብለህ አዲስ አበባ አስመጣኸኝ፤ የሐኪሙ ተራ እስኪደርስ ደግሞ፣ ነይ ትለምጂዋለሽ ብለህ ከምትሠራበት ሲኒማ ቤት ወሰድኸኝ። ባርኔጣ ያጠለቁ ፈረሰኞች ሲታኮሱ እኔ ከወንበሩ ሥር ገብቼ ጆሮዬን ይዣለሁ፤ አንተ ከፊልም ማሳያ ማሽንህ አጠገብ ቆመህ ዳቦህን እየበላህ የወደቀውን በጣትህ ትቆጥራለህ። ሲያልቅ፣ የዛሬው ሃያ ሰባት ነው፣ የትናንቱ ይበልጥ ነበር አልኸኝ። ሞኚት፣ ውሸት እኮ ነው፣ ደሙም ቀለም ነው አልኸኝ። ቀለም መሆኑን እኔም አላጣሁትም።

ያን ቀን ልቤን የሰበረው ቀለሙ አይደለም። ስንወጣ ከሲኒማው ደጃፍ ሁለት ሰዎች ተጣልተው፣ አንደኛው በጩቤ ተወግቶ ወድቆ ነበር። ሰው ከቦታል፣ አንዲት ሴት የሰው ያለህ ትላለች። አንተ ክንዴን ያዝህና፣ ጫማሽ እንዳይቆሽሽ በዚህ በኩል እለፊ አልኸኝ። ዞር ብለህ እንኳ አላየኸውም። ባየው ምን አደርግለታለሁ፣ ይሄንንማ ለምጄዋለሁ አልኸኝ። እኔን የሚያክመኝ ሐኪም እየፈለግህልኝ ነበር፣ ወንድሜ። በዚያች ሰዓት ከሁለታችን ማን እንደታመመ ልጠይቅህ አሰብሁና ፈራሁህ። ዛሬ አልፈራህም።

ከዚያ ለአጎታችን፣ ሳታስበው አጠገቧ ይተኮስና ይለቃታል ብለህ ላክህባቸው። እሳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም፣ መድኃኒት መስሏቸው ነው፣ ስኒ ሳጥብ ከቤቴ ጀርባ መጥተው ተኮሱ። ዐሥራ አንድ ቀን ከቤት አልወጣሁም። ጭራሽ የአጎታችንን ሳል ስሰማ መንቀጥቀጥ ጀመርሁ፤ ሰውዬው ደግሞ እንደምታውቀው ሳያስሉ በር አይገቡም።

ነገሩን የለወጠችው አንዲት በቅሎ ናት። ጎረቤቴ አቶ አንሙት ለሰው በቅሎ እያላመዱ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ሐምሌ ቤቴ ፊት የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ እኔና የአቶ አንሙት አዲስ በቅሎ እኩል ዘለልን። እሷ ገመዷን በጥሳ ወደ ገበያው በረረች፤ እኔ ትሪውን ይዤ ወደቅሁና የአንድ መንገደኛ እግር በፈላ ሻይ አቃጠልሁ። አይናዲስ ለየላት የተባለው፣ አንተም ዘንድ የደረሰው ወሬ ያ ነው። በወሩ ግን ያችው በቅሎ አውቶቡስ አጠገቧ ጥሩምባ ሲነፋ ገብሷን ትቆረጥማለች። ለካ ከበቅሎ ያነስሽው አንቺ አይናዲስ ነሽ አልሁና፣ ምን አድርገው ነው ያስለመዷት ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው።

እሳቸውም አስረዱኝ። በቅሎዋ ገብስ ስትበላ፣ ልጃቸው ከወንዙ ማዶ ሆኖ ጅራፍ ያጮሃል። ድምፁ ጆሮዋን ብቻ ካቆመ ደግ ነው። መብላቷን ካቆመች ግን ቀርቧል ማለት ነውና ወደ ኋላ ይመለሳል። መብላቷን ሳታቆም ስትቀር በማግስቱ ዐሥር እርምጃ ይጠጋል። አስቀድመሽ ካስደነገጥሻት በኋላ ገብስ ብታቀርቢላት ገብሱንም ትፈራዋለች አሉኝ። አጎታችንና ሳላቸው ትዝ አሉኝ፣ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እኔንም እንደሷ ያስለምዱኝ አልኋቸው። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁና፣ አንቺን ገብስ አልሰጥሽ፣ ምን ስትሠሪ ነው ልብሽ የሚያርፈው? አሉኝ። ስፈትል አልሁ።

እንዲህ ተጀመረ። እኔ ከደጃፌ ባዘቶዬን ይዤ እፈትላለሁ፤ እሳቸው ከወንዙ ማዶ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆነው ጅራፋቸውን ያጮሃሉ። መለኪያችን ክሩ ነበር። እንዝርቴ እየሾረ ክሩ ካልተበጠሰ በማግስቱ ይጠጋሉ። ከተበጠሰ ሃያ እርምጃ ይመለሳሉ፤ እኔም ክሩን ቋጥሬ እቀጥላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ክር ሳይሆን ቋጠሮ ስፈትል ከረምሁ ብልህ ይሻላል። ወቅቱ ነሐሴ፣ የቡሄ ሰሞን ነበርና ከተማው ሁሉ ጅራፍ ያጮህ ስለነበር፣ አቶ አንሙት ጅራፋቸውን ይዘው ሲወጡ ማንም ዕብድ አላላቸውም። ቡሄ ካለፈ በኋላ ግን ጢማቸው የሸበተ ሰው ብቻቸውን ሜዳ ላይ ጅራፍ ሲያጮሁ ያየ ሁሉ ያላለው አልቀረም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እያሉ ይመልሱላቸዋል እንጂ ስለ እኔ ትንፍሽ አላሉም። አምላክ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

መምህር ደምለው የሚባል፣ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደዚህ የተላከ ወጣት ሻይ ይጠጣብኛል። የምናደርገውን አይቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። የውጭ አገር ሐኪሞች ይህንኑ ነገር በቅርብ ጊዜ ጽፈውበታል አለን። በሽተኛውን አስተኝተው፣ ሰውነቱን አፍታትተው፣ ከትንሹ ፍርሃት ወደ ትልቁ እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ ያወጡታል አለ። አቶ አንሙት፣ ለበቅሎ የማደርገውን ለሰው ለማድረግ ይህን ያህል ዘመን ፈጀባቸው? አሉት። መምህሩ እየሳቀ ከደብተሩ ቅጠል ገነጠለና የእኔን መሰላል ጻፈልኝ፤ ከታች የሩቅ ጅራፍ፣ ከዚያ ጠርሙስ፣ እያለ እያለ እስከ ጠመንጃ። ደግሞ እነዚሁ ሊቃውንት፣ ሰው በሲኒማ ግድያ ሲያይ ቢውል ልቡ ይደነድናል አይደነድንም እያሉ ይከራከራሉ አለኝ። ክርክሩን ትተው መጥተው ወንድሜን ቢያዩት ይሻላቸዋል አልሁት።

በመስቀል ሰሞን የመጀመሪያዋን ጠርሙስ በገዛ እጄ ከፈትሁ። ደንበኞቼ አጨበጨቡልኝ፣ ማጨብጨባቸው ደግሞ አስደነገጠኝና ሁላችንም ሳቅን። አንተ ደብዳቤ ስትጽፍ፣ በኅዳር፣ ከጅራፍ አልፈን አቶ አንሙት ከወንዙ ማዶ ጠመንጃ እስከ መተኮስ ደርሰው ነበር። ይህን ለአጎታችን ነገርኋቸውና ተወራረድን። በሰርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ሲገቡ ከዳሱ ምሰሶ ሥር እቆማለሁ፤ ከወደቅሁ ገመዱን አምጥተው ይውሰዱኝ፣ ካልወደቅሁ ግን ስለ ገመድ ዳግመኛ እንዳይነሣ አልኋቸው። እሺ አሉ። አሳዘንኋቸው መሰለኝ፣ እሺታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

መምህሩ በጻፈልኝ ወረቀት ላይ ከሁሉ በላይ ያለው ጠመንጃ ነበር። እኔ ግን ከጠመንጃው በላይ አንድ ደረጃ እንዳለ አውቅ ነበር። ደርቤ ነው። ታርቀን እንኳ በቤቴ ፊት አያልፍም፣ በጓሮ ዞሮ ነው ገበያ የሚሄደው። በገና ማግስት ሰው ልኬ ሻይ ጠራሁት። መጥቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ብርጭቆውን ስወስድለት ማንኪያው ተንቀጫቀጨ፤ ግን አልወደቀም። እሱ ያለቅሳል። ያለው ቀልድ ይወድ እንደነበር፣ በሰርጉም ዕለት ያጨበጭብ የነበረው ከሁሉ በላይ እንደነበር ነገርሁት። ይህንን ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። አሁን በቤቴ ፊት ያልፋል።

ጥር ፲፬ ቀን፣ እሑድ፣ ወለላ ተዳረች። አንተ ጥምቀት ሰሞን ሲኒማው ሥራ ይበዛበታል ብለህ ቀረህ፤ እሺ ይሁን። ደብረ ኤልያስ ከእናታችን ደጅ ዳስ ተጥሎ ሰው እንደ ጤፍ ፈሰሰ። አጎታችን ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም፣ አዲስ ገመድ ከኮርቻቸው አስረው ነው የመጡት። አይቼዋለሁ። እናታችንም አይታዋለች።

ሚዜዎቹ ገቡ። እኔ ከምሰሶው ሥር ቆምሁ። የመጀመሪያው ተተኮሰ። ጣቶቼ በሌለ እንዝርት ላይ ይፈትላሉ። ሁለተኛው ተተኮሰ። ሦስተኛው ተተኮሰ። አልወደቅሁም! አልወደቅሁም፣ ወንድሜ! የእናታችንን ፊት ብታየው! ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔም ከሁለት ዓመት በኋላ እልል አልሁ፣ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል።

ከዚያ ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ጠጅ የገባበት፣ ጉዝጓዙ ላይ ቆሞ እንደገና ጥይት ማጉረስ ጀመረ። ላልፈው እችል ነበር። ለምጄዋለሁ፣ አይደለም? ሄጄ አፈሙዙን በመዳፌ ወደ ላይ ያዝሁና፣ ከዚህ ዳስ ውስጥ ከእንግዲህ አትተኩስም፤ መተኮስ ካማረህ ደጅ ውጣ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቁም አልሁት። ሽማግሌዎቹ ጉድ ነው ሴት በሚዜ ጠመንጃ ላይ እጇን ስታነሣ ብለው አጉረመረሙ። አሁንም ትፈራለች እንዴ? ያለም ነበር። አዎ እፈራለሁ፣ ድምፁን ግን አይደለም፤ ባሌን የገደለው ድምፁ አልነበረም አልሁ። መጀመሪያ የተነሡት አጎታችን ናቸው። ልጁን በትከሻው ይዘው ደጅ አወጡት፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። የቀረው ተኩስ ሁሉ ሜዳ ላይ ተተኮሰ።

አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ መስጠቱ ይገርመኛል። በቅሎዋም ለመደች ይባላል፣ ሌባውም ለመደ ይባላል። እኔ የለመድሁት ድምፁን ነው። አንተ የለመድኸው ሞቱን ነው። የአንተውን መልመድ ብለህ አትጥራው፤ ተቀምጠህበት እግርህ ሲደነዝዝ እሾህ ቢወጋው አይሰማህም፣ ታዲያ እግሬ ዳነ ትላለህ? አባታችንን ስንቀብር ተኩስህን ተኩሰህ፣ ንፍሮህን ቆንጥረህ በማግስቱ ሄድህ። ጠንካራ ነው አሉህ። እኔ ግን ያን ቀን ሁለት ሰው ነው የቀበርሁት የመሰለኝ። ይህን የምጽፍልህ ላዋርድህ ብዬ አይደለም። ከግድግዳ ላይ በከሰል ሀሁ የሚጽፍልኝ ያ ልጅ፣ እናታችን ዶሮ ስታርድ ሸሽቶ ጓሮ የሚደበቀው ልጅ፣ ናፍቆኝ ነው። እኔ እልሁ አለኝና አልተውህም።

ሻይ ቤቴን አልዘጋም። ጠበል ስፈልግ በእግሬ እሄዳለሁ። በአማቾቻችን ፊት አልወደቅሁምና ክብርህ ተጠብቋል፤ ባይጠበቅም ኖሮ የምጽፍልህ ይኸንኑ ነበር።

እናታችን፣ ዓይኔ ሳይጨልም ልየው፣ ለፋሲካ ይምጣ ብላሃለች። ወለላ በአዲሱ ቤቷ ሆና እጅ ትነሣሃለች፤ ባሏም ገና ሳያይህ ፈርቶሃል፣ አይዞህ ብየዋለሁ። አጎታችን አቶ ባምላኩ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ ተነቦልኛል በይው ብለውኛል፤ ሌላ አልጨመሩም። አቶ አንሙት ሰላም ብለውሃል፣ የበቅሎዋም ሰላምታ ይድረሰው ብለው ስቀዋል። ሥራነሽን ሳምልኝ፣ ወገቧን በተልባ ዘይት ትታሽ። አመተ ሥላሴን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ እባክህ፣ እባክህ ግን፣ ወደ ሲኒማው አትውሰዳት።

ይህን ጥቅል የሚያመጣልህ የአውቶቡሱ ረዳት ነው። ስትፈታው የታሰረበትን ገመድ ልብ ብለህ እየው፤ ለእኔ የተገዛው ገመድ ነው። አጎታችን ራሳቸው ናቸው ያሰሩልኝ። ውስጡ ጋቢ አለ። ማጉ ደጃፌ ተቀምጬ የፈተልሁት ነው፣ ልቃቂቱን እንደ ቀኑ ተራ ነው ለሸማኔው የሰጠሁት። ሸማኔው ይህ ሁሉ ቋጠሮ ያለበት ክር ጋቢ ያበላሻል ብሎ ሊጥለው ነበር፤ እንዳለ ሥራው አልሁት። ከአንደኛው ጫፍ ጀምረህ በጣትህ ዳብሰው። መጀመሪያ ላይ ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። እያንዳንዱ እኔ የደነገጥሁባት ቦታ ናት። እየሄደ ይሳሳል፣ በመጨረሻው ስንዝር አንድም የለ። ጣትህ ከአንዷ ቋጠሮ ላይ ደርሶ ልብህ ትንሽ እንኳ ደንገጥ ቢል፣ ተነሥተህ ለፋሲካ ና። ምንም ካልተሰማህ ግን እኔ እመጣለሁ። ገመድ አላመጣም፤ እንዝርቴን ነው ይዤ የምመጣው።

እህትህ አይናዲስ

ሉማሜ፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.